ትርፍ አንድ ሜትር

ፍሰሃ ጨርቅ ሊገዛ ሱቄ የመጣው አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ስንት ነገር ረስቼ የዚያን ቀን የቆረጥኩትን ጨርቅ ግን መርሳት አቃተኝ።

እኔ ሐሰን እባላለሁ፤ የወሎ ሰው ነኝ፣ የከሚሴ። መቐለ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ ዕዳጋ ሰኑይ በሚባለው የሰኞ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። አፌ ትንሽ ፈጠን ይላል፣ ባለቤቴ ጁዋይሪያም በዚህ ትወቅሰኛለች። ከፍሰሃ ጋር ያግባባን ግን ይኸው አፌ ነው። እሱ ዝምተኛ ነበር። በአንድ የልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኖ ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ እየገለበጠ የተዛነፈ ስፌት ሲፈልግ ይውላል። ከሥራ ሲወጣ ሱቄ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል። ሁለታችንም ደህና ነበርን።

መጀመሪያ ያወቅኩት ግን ሱቅ ውስጥ አይደለም። የቤት አከራዬ የኣደይ ኣስካል አንድ ልጅ፣ ሃይላይ፣ የፍሰሃ አብሮ አደግ ነው። ሰሜን ክፍለ ከተማ በኣደይ ኣስካል ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን ስንኖር ሁለቱ ልጆች ሲገቡ ሲወጡ አያቸዋለሁ። በትግራዩ ጦርነትም አብረው ዘመቱ። ፍሰሃ ተመለሰ፤ ሃይላይ አልተመለሰም።

ፍሰሃ በመጣ ሰሞን ኣደይ ኣስካል ልጄስ ብለው ጠየቁት። «መንገድ ላይ ተለያየን፣ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም» አላቸው። በኋላ በየሰፈሩ መርዶ ሲነገር፣ በየግቢው ድንኳን ሲተከል፣ የእሳቸውን በር ያንኳኳ ሰው የለም። የሃይላይ ስም ከሞቱት ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። እሳቸውም ይህንኑ ተስፋ አድርገው ያዙት። በየጠዋቱ የግቢውን በር ከፍተው መንገዱን ወዲያና ወዲህ አይተው ይመለሳሉ። እኔ ኣደይ፣ እናቴ፣ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ወደይ፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ወደ ሱቅ ስወጣ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው።

«ሐሰን ወደይ፣ ገበያ ምን ይወራል?»

ስለ ገበያ አልነበረም የሚጠይቁኝ። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

እንግዲህ ያን ሐሙስ ፍሰሃ መጣና ሳይቀመጥ፣ «ብርድ የሚችል ወፍራም ጨርቅ ስጠኝ፤ አራት ሜትር» አለኝ።

«ልታገባ ነው እንዴ?»

አልሳቀም። ሥራውን ለቅቋል፣ የተከራየውንም ቤት መልሷል። ወደ ደስዓ ጫካ ሊገባ ነው። «ስሜን የሚጠራኝ ሰው የሌለበት ቦታ ልቀመጥ፤ ማን እንደሆንኩ ልወቅ» አለኝ።

«ማን እንደሆንክ እኔው ልንገርህ። ፍሰሃ ነህ። ደክሞሃል። ሂድና ተኛ።»

«ሐሰን ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ መተንፈስ አቃተኝ። በየመንገዱ የማውቀው ሰው እናት ይገጥመኛል። ነፃ መሆን እፈልጋለሁ፤ ሌላ የምፈልገው የለም።»

ፊቱን ሳየው ቀልዱ ከአፌ ጠፋ። እናቱ በጦርነቱ ጊዜ አርፈዋል፣ እህቱ ባህር ማዶ ናት፣ የሚይዘው ሰው የለውም። መደርደሪያዬን አየሁ። ወፍራም፣ እድፍ የማይፈራ፣ ብርድ የሚችል ጨርቅ አንድ ጥቅል ብቻ ነበረኝ፤ ቢጫ። እሱን ከመነኮሳት በቀር የሚገዛኝ አልነበረም፤ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል። ዱር ውስጥ ማን ያየዋል ብዬ አሰብኩ። ዝንጀሮ ስለ ቀለም ምን ያውቃል? አራት ሜትር ለካሁ። እዚያ ተራራው ጫፍ ላይ ያለው ብርድ ታሰበኝና አንድ ሜትር ጨመርኩለት።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ አገር ኖሬ፣ ቢጫ ለብሶ ጫካ የገባን ሰው ባሕታዊ ነው ብለው ሰዎች ብቻውን እንደማይተውት ረሳሁ።

*

በወር በወሩ እሁድ እየሄድኩ ጨው፣ ሽሮና ክብሪት ላደርስለት፣ የት እንዳለም ለማንም ላልናገር ቃል ገባሁለት። ከመቐለ እስከ ዓጉላዕ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወደ በራህለ በሚወርድ የጭነት መኪና፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር። ጥድና ወይራ ነው ጫካው። በምሥራቅ በኩል መሬቱ በድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ከታች የአፋር ቆላ ነው። ከሰዓት በኋላ ከዚያ ከቆላው ጉም ይነሳል።

በመጀመሪያው ወር ሳገኘው ደስ ብሎት ነበር። ከአንድ ዋሻ መሰል ድንጋይ ሥር ተጠልሏል። ከስቷል፣ ግን ዓይኑ ጠርቷል።

«ትናንት ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳልናገር ዋልኩ። እንዴት ደስ እንደሚል ታውቃለህ?»

«ጁዋይሪያ ስታኮርፍ እኔም እንደዚያ እውላለሁ። ምንም ደስ አይልም።»

ሳቀ። ከጦርነቱ ከተመለሰ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስመለስ ልቤ ቀሎኝ ነበር፤ ምናልባት እሱ ነው ትክክል፣ እኛ ነን በከንቱ የምንጋፋ እያልኩ ሄድኩ።

በሁለተኛው ወር ከዋሻው ፊት ለፊት ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንድ ሕምባሻ፣ ሁለት ጧፍና አንድ ፎቶግራፍ አገኘሁ። ፎቶው የአንድ ወጣት ነው፤ ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር ተጭኖበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አላውቅም። ጠዋት ስነሳ ተቀምጦ አገኘሁት። አንድ ከብት ፈላጊ ከሩቅ አይቶኝ ነበር። እጅ ነስቶኝ ሄደ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ምን እለዋለሁ? ዝም አልኩ።»

ቢጫውን ጨርቅ አየሁት። ጭንቅላቱን ጭምር ተከናንቦታል፤ የጨመርኩለት ሜትር ለዚያ በቅቶታል። «ፍሰሃ፣ ይህን ጨርቅ አውልቅ፤ ሌላ አመጣልሃለሁ» አልኩት። «በዚህ ብርድ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይበርዳል። ተውኩት።

*

በሦስተኛው ወር፣ ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ፣ ኣደይ ኣስካል በራችንን አንኳኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው ለብሰው፣ ፊታቸው በርቶ።

«ሐሰን ወደይ፣ ደስዓ ውስጥ ባሕታዊ ተነስቷል አሉ። አይናገርም። የጠፋ ልጇን ፎቶ ወስዳ ያስቀመጠች አንዲት የውቕሮ ሴት በሳምንቱ ስልክ ተደወለላት። ልጇ ሱዳን ነው ያለው።»

ጁዋይሪያ አየችኝ። እሷ ታውቃለች፤ ለእሷ የማልነግራት የለኝም።

«ሰው የሚያወራው ሁሉ እውነት አይደለም፣ ኣደይ» አልኩ።

«አንተ ወደዚያ ትሄዳለህ አይደል? ማር ትገዛለህ ብለኸኛል። በጃኻ፣ እባክህ፣ ውሰደኝ። ልጄ ይኑር አይኑር ልወቅ። ሌላ ምንም አልለምነውም።»

ማር ልገዛ ነው ብዬ የዋሸሁት እኔው ነኝ። አሁን ቆሜ ምን ልበል? ባሕታዊ የለም፣ ፍሰሃ ነው ልበላቸው? ቃል ገብቼለታለሁ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ምናልባት ይጠቅማቸዋል ብዬ አሰብኩ። ፍሰሃ ሲያያቸው ያዝናል፣ አንድ ሁለት ደግ ቃል ይናገራል፣ እሳቸውም ቀልሏቸው ይመለሳሉ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። እንዲህ ያለ ሞኝ ነኝ።

እሁድ ጠዋት አብረን ሄድን። ከጭነት መኪናው ስንወርድ እንደ ወትሮው ጭር ያለ አልነበረም። ሌሎች ሰዎችም ይወርዳሉ፤ ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ አንዲት ነፍሰ ጡር። ማንም አያወራም። በመስመር ተከታትለን ጫካው ውስጥ ገባን። እኔ ብቻ የማውቃት የነበረችው ቀጭን መንገድ ሰፍታ፣ ሣሯ ተረግጦ አፈር ሆናለች።

ጠፍጣፋው ድንጋይ ፎቶግራፍ በፎቶግራፍ ሆኗል። በድንጋዩ ላይ፣ በዙሪያው፣ በወይራው ሥር፤ የወታደር ልብስ የለበሱ፣ የምረቃ ጋውን የለበሱ፣ አንዱ ብስክሌት ላይ የተቀመጠ። ሁሉም ላይ ጠጠር ተጭኗል። ከመቶ በላይ ይሆናሉ። ሰዉ በዙሪያቸው ጉልበቱን አቅፎ ቁጭ ብሏል። ፍሰሃ ከዋሻው አፍ ላይ በቢጫው ተሸፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሲያዩት ቅዱስ ይመስላል። እኔ ግን ጣቶቹ እንደ ፋብሪካው ጊዜ የጨርቁን ጫፍ ሲገለብጡ አየሁ።

ኣደይ ኣስካል የሃይላይን ፎቶ ከጉያቸው አውጥተው ተጠጉ። በግንባራቸው ተደፉ፤ እንደ ደንቡ ቀና ብለው አላዩትም። ፎቶውን እግሩ ሥር አኖሩ።

«አባቴ፣ የእኔ ሃይላይ ነው። ስሙ አልተጠራም። በሕይወት ካለ ልጠብቀው፣ ከሌለም ላልቅሰው። አንዱን ንገረኝ።»

ፍሰሃ ፎቶውን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጨርቁን ወደ አፉ ጎተተና በሹክሹክታ ተናገረ።

«ይመጣል።»

ባሕታዊው ተናገረ ብሎ ሰዉ ተንጫጫ፤ ከዚያ ሁሉም ማልቀስ ጀመረ። ኣደይ ኣስካል አላለቀሱም። ተነስተው ፊታቸውን በነጠላቸው አበሱና በቃ፣ እንሂድ አሉኝ።

ትንሽ ይጠብቁኝ ብዬ በገደሉ በኩል ዞሬ ከዋሻው ጀርባ ፍሰሃን ጠበቅኩት። መጣ።

«ለምን እንዲህ አልካቸው? አንተ ምን ታውቃለህና ነው?»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ሃይላይን የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

ዝም አልኩ። እኔ ሐሰን፣ ዝም አልኩ።

«በእጄ ነው የቆፈርኩት። ጥልቅ አይደለም፤ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ከመርኩበት። ልነግራቸው ነበር፣ ወላዲተ አምላክን። እቤታቸው የሄድኩት ልነግራቸው ነው። በር ላይ ሲያዩኝ እልል ብለው ተቀበሉኝ። ለእሱ የጠመቁትን ስዋ፣ ጠላውን፣ ለእሱ ብለው ራሳቸው እንኳ ያልቀመሱትን፣ ቀድመው ለእኔ ቀዱልኝ። ጠጣሁት። ሐሰን፣ ከጠጣሁት በኋላ እንዴት ልናገር?»

«አሁን ና። አብረን ሄደን እንንገራቸው።»

«አልችልም። እዚህ የመጣሁት እኮ ከእሳቸው ዓይን ለመሸሽ ነበር። አንተ ደግሞ አምጥተህ እግሬ ሥር አስቀመጥካቸው።» ይህን ሲል አልተቆጣም። ቀና ብሎ ወደ ቆላው አየ፤ ጉሙ ገደሉን ይዞ እየወጣ ነበር። «ይገርምሃል፣ አሁን ቀለለኝ። ሁለት ሆነን አወቅነው። አንተ ንገራቸው።»

«ፍሰሃ!»

ስሙን ስጠራው ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ የፍየል መንገዱን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ቢጫው ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ በጉሙ ውስጥ ታየኝ፤ ከዚያ ጉሙ ብቻ ቀረ። ተመልሶ አልመጣም። እስከ ዛሬ አየሁት ያለ ሰው የለም።

*

በዚያው መንገድ ላይ መናገር ነበረብኝ። ኣደይ ኣስካል ግን ጭነት መኪናው ላይ ከማያውቁት ሰው ጋር ስንቃቸውን እየተካፈሉ ይበላሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጠግበው ሲበሉ ያየሁት ያን ቀን ነው። ነገ እነግራለሁ አልኩ።

በማግስቱ የሃይላይን ክፍል ኖራ ሊያስቀቡ ሠራተኛ ጠሩ። ነገ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጡ። በሳምንቱ ሱቄ ድረስ መጥተው መጋረጃ ጨርቅ መረጡ፤ ሰማያዊ፣ እሱ ሰማያዊ ይወዳል። ቆረጥኩላቸው። መቀሱ እጄ ላይ ከበደኝ።

እኔ ቤት ውስጥ መተንፈስ አቃተኝ። ሳይነጋ እወጣለሁ፣ ሲመሽ ግድግዳ ታክኬ እገባለሁ። የግቢው በር ሲንኳኳ፣ እሳቸው ሲሮጡ፣ ጆሮዬን በትራስ እይዛለሁ። ጁዋይሪያ «ሰውዬ፣ ንገራቸው እንጂ! በአላህ!» ትለኛለች። እኔ እቆጣታለሁ። ሱቅ ስውል ቢጫው ጥቅል ከመደርደሪያው ላይ ያየኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ አውርጄ ትከሻዬ ላይ ለካሁት። እኔም ሄጄ ልግባ ብዬ አሰብኩ። ሰው የማያውቀኝ ቦታ፣ ማንም ምን ይወራል ብሎ የማይጠይቀኝ ቦታ። ፍሰሃን ያን ጊዜ ገባኝ። ገባኝና ጠላሁት።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከሱቅ ስመለስ ግቢው በር ላይ ያዙኝ። በእጃቸው ብርሌ ይዘዋል።

«ለእሱ የበጠበጥኩት ብርዝ ነው። አንተ ስዋ አትጠጣ፤ ይሄ ግን ማርና ውሃ ብቻ ነው። መንገዱን ያሳየኸኝ አንተ ነህ፣ አንተ መጀመሪያ ቅመስልኝ።»

ብርሌውን ተቀበልኩ። ወደ አፌ አስጠጋሁት። ማሩ ሸተተኝ። ብቀምሰው እንደ ፍሰሃ እንደምሆን፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል ከአፌ እንደማይወጣ አወቅኩ። ሳልቀምሰው መሬት አስቀመጥኩትና ወጣሁ። «ሐሰን?» አሉኝ ከኋላዬ። ዞሬ አላየሁም።

በቀጥታ የሄድኩት የሰፈሩ ዕድር ሰብሳቢ ወደሆኑት ወደ ኣቦይ ገብረዝጊ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። «ነገ ንጋት ላይ። አንተም ትመጣለህ» አሉኝ። እኔ እስላም ነኝ፣ ተከራይ ነኝ፣ ይቅርብኝ ብዬ ነበር። «ያወቀ ይመጣል» አሉኝ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ይህ ከተማ ጠንቅቆ ያውቃል። ሰማዩ ገና ሲገረጣ አራት ሽማግሌዎች ነጠላ ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ፤ እኔ አምስተኛ። ማንኳኳት አላስፈለገም። ኣደይ ኣስካል እንደየጠዋቱ መንገዱን ሊያዩ በሩን ከፈቱ።

ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩ። መጨረሻ ላይ እኔን አዩ። ማንም እስኪናገር አልጠበቁም። ድንጋዩ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ።

ኣቦይ ገብረዝጊ በቀስታ ነገሯቸው፤ ሃይላይ እንደወደቀ፣ ማን እንደቀበረው። ጎረቤቱ መጮህ ጀመረ። እሳቸው አልጮሁም። እኔን ብቻ ነበር የሚያዩት።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ኣደይ።»

«ድምፁን አውቄው ነበር» አሉ። «ፍሰሃ መሆኑን። እዚህ ግቢ ያደገ ልጅ በሹክሹክታ ቢናገር አላውቀውም? ባሕታዊ ስለሆነ አይደለም ያመንኩት። ከልጄ ጋር የነበረ እሱ ስለሆነ ነው ያመንኩት።»

አለቀስኩ። በሽማግሌዎች ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሳቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«እሱ ጫካ ገብቶ ተገላገለ። አንተ ተናግረህ ተገላገልክ። እኔስ ወዴት ልግባ?»

ድንኳኑ ተተከለ። ለሃይላይ መምጫ የተጠመቀው ስዋ ሁሉ ለለቅሶተኛ ተቀዳ።

ከአርባው በኋላ በሰኞ ገበያ፣ ሱቄ ሰው ሞልቶት ሳለ፣ መጥተው ቆሙ። ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። መደርደሪያውን በጣታቸው አሳዩኝ።

«ከዚያ ቢጫ። አራት ሜትር።»

«አልቋል፣ ኣደይ» አልኩ። ጥቅሉ ከጀርባዬ ቁጭ ብሏል።

«ሐሰን ወደይ፣ አትዋሸኝ። በቃ፣ አትዋሸኝ።»

«የት ሊሄዱ ነው? ቤትዎ እዚህ፣ እኛ እዚህ…»

«ያ ሁሉ ፎቶ እዚያ ዝናብ ላይ ቀርቷል። የእኔም ልጅ እዚያ ነው ያለው። ጨርቁን ካልሸጥክልኝ ከጎረቤትህ እገዛለሁ። ጨውም እንዳታመጣልኝ።»

ለመንኳቸው። ደንበኞቼ እያዩኝ እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው። እጃቸውን አልነጠቁኝም፤ ጠበቁኝ፣ እስክጨርስ። ጥቅሉን አወረድኩ። ለካሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። መቀሱን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

አንድ ሜትር ጨመርኩ። እዚያ ይበርዳል።